«ከረመ» ወይስ «አንቀላፋ»? ስለ ኮምፒዩተር እንቅልፍና ስለ ጊዜ ቆጣሪ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

የኮምፒዩተር ሙያ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ትችት የሚበዛባቸው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ መስለው የሚታዩት ናቸው። አንባቢ ያልለመደውን ቃል ሲያይ ይስቃል ወይም ይቆጣል፤ ስለ ለመደው ቃል ግን ምንም አይናገርም። በእኛ አስተያየት ይበልጥ መመርመር የሚገባቸው ማንም የማይስቅባቸው፣ ለጆሮ ደኅና የሆኑ፣ ነገር ግን ሁለትና ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠቅልለው የሚያልፉ ስያሜዎች ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ምሳሌ ከዚህ ወገን ነው። ይኸውም ኮምፒዩተር ከረጅም እንቅልፍ ሲነቃ በውስጡ ተሞልተው የነበሩት ጊዜ ቆጣሪዎች ምን ይሆናሉ የሚለው ጉዳይ፣ እንዲሁም ለዚሁ ጉዳይ በመማሪያ ጽሑፎች፣ በመመሪያዎችና በመሣሪያ ገጾች ላይ የሚሠራባቸው የአማርኛ ቃላት ናቸው።

ነገሩን አስቀድመን በአጭሩ እናስረዳ። ኮምፒዩተር የተከፈተበትን ሥራ ሳይዘጋ የሚያርፍባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው መንገድ ማስታወሻው ጥቂት ኤሌክትሪክ እያገኘ ይቆይና የቀረው አካል ሥራ ያቆማል፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ በአንድ ቁልፍ ንክኪ በጥቂት ሴኮንዶች ይነሣል፤ ኤሌክትሪኩ ጨርሶ ከተቋረጠበት ግን በማስታወሻው ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። በሁለተኛው መንገድ በማስታወሻው ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ይገለበጥና መሣሪያው ፈጽሞ ይጠፋል። ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ ቢቀመጥ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ሲበራ ያስቀመጠውን ከዲስኩ መልሶ ያነብና ካቆመበት ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ስሊፕ፣ ሁለተኛው ሃይበርኔሽን ይባላሉ። በሁለተኛው ሁኔታ በመሣሪያው ውስጥ ሥራዋን የማታቋርጠው ሳንቲም በምታክል ባትሪ የምትንቀሳቀስ አንዲት ትንሽ ሰዓት ብቻ ናት።

ፕሮግራሙ ራሱ መተኛቱን አያውቅም። 10 ደቂቃ ቆጥሮ አንድ ሥራ እንዲሠራ የታዘዘ ፕሮግራም 4 ደቂቃ እንደ ቆጠረ መሣሪያው ቢጠፋና ከ3 ቀን በኋላ ቢነቃ፣ የሚቀረው 6 ደቂቃ ነው? ወይስ 3 ቀን ሙሉ ዘግይቷል? የመልሱ ዐይነት እንደ ሥርዓቱ፣ እንደ ትእዛዙና እንደ ዘመኑ ይለያያል። ስለዚህ ትእዛዙን በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይህን ልዩነት መግለጽ ካልቻለ፣ አንባቢው በቃላቱ ውበት ተደስቶ የተሳሳተ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ይህን ጉዳይ ከርዕሰ ከተማው ጠረጴዛ ይልቅ ከመርሳ ሆኖ ማየቱ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በከተማዪቱ የግብርና ኮሌጅ፣ በዚያው ወረዳ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በወልድያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ የሦስቱም ሥራ ኮምፒዩተር ሳይዝ አይሄድም። በእነዚህ አካባቢዎች ሕዝቡ ስለ ኤሌክትሪክ ሲናገር «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» ይላል፤ ኤሌክትሪክን እንደ እንግዳ፣ መሄድና መምጣቱንም እንደ ልማድ አድርጎ የሚያይ አነጋገር ነው። መብራት የሚሄድበት ሰው ዘንድ የኮምፒዩተር ረጅም እንቅልፍ የባትሪ ቁጠባ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጀመረው ሥራ ከነነፍሱ የሚቆይበት መንገድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በጦርነቱ ምክንያት በሰሜን ወሎ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጠው ነበር። ከዚያ በፊት በዲስኩ ላይ ሁሉን አስቀምጦ የጠፋ፣ ከወራትም በኋላ የበራ አንድ መሣሪያ እናስብ። በውስጡ ያለው ፕሮግራም «6 ደቂቃ ይቀረኛል» ቢል እንደ ሒሳቡ አልዋሸም።

በመጀመሪያ ወደ እንቅልፉ ስያሜዎች እንለፍ። ለሁለቱ የእረፍት ዐይነቶች በልዩ ልዩ ትርጉሞች ላይ የምናገኛቸው ቃላት «እንቅልፍ»፣ «ማንቀላፋት»፣ «ማሸለብ» እና «ማሳረፍ» ናቸው። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ለመለየት ሲፈለግ «ከባድ እንቅልፍ»፣ «ረጅም እንቅልፍ» የሚል ቅጽል ይጨመርበታል። ቅጽሉ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የሁለቱን ልዩነት የመጠን ልዩነት ያስመስለዋል። ልዩነቱ ግን የመጠን አይደለም። አንዱ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የሚሞት፣ ሌላው የማይሞት ነው፤ አንድ መሣሪያ በመጀመሪያው ዐይነት ለሁለት ቀን፣ በሁለተኛው ዐይነት ለ5 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። «ማሳረፍ» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። «ዐረፈ» በአማርኛ የሞተ ሰው ዜና የሚነገርበት ግስ በመሆኑ፣ በገጽ ላይ «አሳርፍ» የሚል ቁልፍ ያገኘ ሽማግሌ መሣሪያውን ምን አድርግ እንደ ተባለ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። «አንቀላፋ»ም በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ከዚህ ጥርጣሬ ነጻ አይደለም፤ ሆኖም በዕለት ንግግር የቀን እንቅልፍን፣ ያውም ቀላሉን፣ ስለሚያመለክት ለመጀመሪያው ዐይነት ቢቀር አንቃወምም።

ለሁለተኛው ዐይነት ግን በእጃችን ያለ፣ ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር በሥሩ የሚገናኝ ግስ እያለ መዘንጋቱ ያስገርማል። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥሬ ትርጉሙ ክረምትን ማሳለፍ ነው። የአማርኛው «ከረመ»፣ እንደ ግእዙ ሁሉ፣ «ክረምት» ከሚለው ስም ጋር አንድ ሥር ያለውና በመጀመሪያ ትርጉሙ የዝናቡን ወራት ማሳለፍ፣ ኋላም ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ማለት የሆነ ግስ ነው። ሁለቱ ቃላት፣ አንዱ ከሌላው ሳይዋስ፣ በአንድ መንገድ ተጉዘው አንድ ቦታ ደርሰዋል። ለቃላት መራጭ ይህን የመሰለ ዕድል ዘወትር አይገጥመውም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው ክረምት በእኛ አገር የእንቅልፍ ወራት አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ የሐብሩ ገበሬ በበልጉ ዝናብ ካረሰው ሌላ ዋናው ሥራው የሚወድቀው በክረምት ነው፤ በክረምት የሚተኛ ገበሬ በበጋ ምን እንደሚበላ የታወቀ ነው። ነገር ግን «ከረመ» ተኛ ማለት አይደለም። «እንዴት ከረማችሁ» የተባለ ሰው ተኝታችሁ ነበር አልተባለም፤ ሳንተያይ ብዙ ጊዜ አልፏል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደኅና ቆያችሁ ወይ ነው የተባለው። ለመሣሪያው የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ መተኛቱን ሳይሆን ሳይጎድል ቆይቶ መገኘቱን የሚናገር ቃል። ሁለተኛው ተቃውሞ «ለከርሞ» የሚለው አነጋገር የሚመጣውን ዓመት ስለሚያመለክት አሻሚ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ተውሳከ ግስ እንጂ ግሱ ባለመሆኑ በገጽ ላይ የሚያምታታበት ስፍራ አይታየንም። አስደራጊው «አከረመ» በትእዛዝ አንቀጽ «አክርም» ይሆናል፤ ስፌት የሚሰፋበትን የ«አክርማ»ን ሣር ቢያስታውስ ጉዳት የለውም።

«ከረመ» ብቻውን የቆመ ግስም አይደለም። አማርኛ ጊዜ ማሳለፍን የሚናገርባቸው ግሶች እንደ ጊዜው ርዝመትና እንደ ወቅቱ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ቀኑን ያሳለፈ ዋለ፣ ምሽቱን ያሳለፈ አመሸ፣ ሌሊቱን ያሳለፈ አደረ፣ ቀናት ያሳለፈ ሰነበተ፣ በጋውን ያሳለፈ ባጀ፣ ክረምቱን ያሳለፈ ከረመ ይባላል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ግስ ወስዶ ስም ይጨምርበታል። ስለዚህ ስለ ጊዜ ማለፍ በሚናገር ሙያ ውስጥ አማርኛ ድኻ ነው የሚለውን አቤቱታ እኛ ስንቀበል አንገኝም። ድህነቱ ያለው ይህን ሀብት ሳይነካ ከእንግሊዝኛው ገጽ ቀጥታ በሚገለብጠው ብዕር ላይ ነው። (ከመጠን በላይ አንሂድ፤ ለእያንዳንዱ የእንቅልፍ ርዝመት የተለየ ቁልፍ ይኑር ማለታችን አይደለም።)

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው፣ ወደ ጊዜ ቆጣሪው እንመጣለን። ለእንግሊዝኛው ታይመር «ጊዜ ቆጣሪ» ወይም «ሰዓት ቆጣሪ» የሚሉ ስያሜዎች ተለምደዋል። በቤት ውስጥ «ቆጣሪ» ብቻውን ሲባል የመብራቱ ወይም የውሃው መለኪያ ስለሆነ ቃሉ ሙሉውን መነገር አለበት፤ ይህ ቀላል ነገር ነው። ዋናው ችግር ሁሉም ታይመር የሚቆጥር አለመሆኑ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ለመሣሪያው የሚሰጠው የጊዜ ትእዛዝ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው «ከአሁን ጀምረህ ይህን ያህል ደቂቃ ቆይተህ አድርግ» የሚል ነው። ሁለተኛው «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ሲደርስ አድርግ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ይቆጥራል፤ ሁለተኛው አይቆጥርም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ይጠብቃል።

ሁለቱን ዐይነቶች ለማምታታት ደግሞ አማርኛ ራሱ ወጥመድ አለው፤ ይህን ተርጓሚዎች ሁሉ እንዲያስተውሉት አጥብቀን እንወዳለን። «ሰዓት» የሚለው ቃል መሣሪያውንም፣ የ60 ደቂቃ ርዝመትንም፣ የቀኑን ነጥብም ያመለክታል። «በ» የሚለው መስተዋድድ ደግሞ ርዝመትንም ነጥብንም ይቀበላል። «በ2 ሰዓት ይጀምራል» ያለ ሰው ጠዋት ወይም ማታ 2 ሰዓት ላይ ማለቱ ነው? ወይስ የሁለት ሰዓት ርዝመት ካለፈ በኋላ? «ከ2 ሰዓት በኋላ» ቢባልም ጥርጣሬው አይነሣም። ለሰው ለሰው ሲነገር ሁኔታው ስለሚያስረዳ ማንም አይሳሳት ይሆናል፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ቢሳሳት እንኳ ጠይቆ ይረዳል። በመመሪያ ላይ ግን የሚጠይቀው የለም።

ወጥመዱን የሚያጠነክረው ሌላው ነገር የቀን አቆጣጠራችን ነው። የእኛ ሰዓት ከንጋት ይጀምራል፤ የመሣሪያው ከእኩለ ሌሊት። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በመሣሪያው 8 ነው። ይህ የ6 ሰዓት ልዩነት የሚጎዳው ሁለተኛውን የትእዛዝ ዐይነት ብቻ ነው፤ «2 ሰዓት ያህል ቆይተህ» ለተባለ ፕሮግራም ቀኑ ከንጋት ጀመረ ከእኩለ ሌሊት ለውጥ የለውም። ስለዚህ ተርጓሚው የትኛው ዐይነት ትእዛዝ እንደሆነ ካላወቀ ቁጥሩን ወደ አገርኛ አቆጣጠር መመለስ እንዳለበትና እንደሌለበትም ሊያውቅ አይችልም። ርዝመት የነበረውን «2» ወደ «8» ያዛወረ፣ ወይም ነጥብ የነበረውን «8» እንዳለ የተወ ተርጓሚ ሁለቱም ያው ናቸው። አንዳንድ ሰዎች መሣሪያው አገርኛውን ሰዓት እንዲያሳያቸው ብለው የውስጡን ሰዓት 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። ቆጣሪዎቹ በዚህ አይነኩም፤ በነጥብ የተቀጠሩት ግን ሁሉም ይናጋሉ። (የውስጡን ሰዓት ሳይነካ ቀጣናውን ወደ ቦነስ አይረስ ያዞረ ሰው መርሳ ላይ ተቀምጦ ትክክለኛውን የአበሻ ሰዓት ያነባል። ብልሃቱ ይሠራል፤ ለሌሎች ነገሮች ግን አንመክረውም።)

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት እንዴት እንደሚገልጹት ማየት ያስተምራል። በዊንዶውስ ለታወቀው አንድ የጊዜ ቆጣሪ ትእዛዝ የሚሰጠው ቁጥር አዎንታዊ ሲሆን እንደ ነጥብ፣ አሉታዊ ሲሆን እንደ ርዝመት ይወሰዳል። አንዲት የመቀነስ ምልክት የምትሠራውን ሥራ የእኛ «በ» አትሠራውም። መስተዋድድ መለወጥ ግን እንችላለን፤ «2 ሰዓት ላይ» ሲባል ነጥብ፣ «2 ሰዓት ሲሞላ» ወይም «ለ2 ሰዓት» ሲባል ርዝመት መሆኑን ማንም አማርኛ ተናጋሪ አይስተውም። በመመሪያዎች ውስጥ ለነጥብ ሁልጊዜ «ላይ»ን፣ ለርዝመት ሁልጊዜ «ለ»ን ወይም «ሲሞላ»ን መጠቀም ምንም አዲስ ቃል መፍጠር ሳያስፈልግ የችግሩን ግማሽ ያቃልላል።

ለስሞቹ ደግሞ ይህን እናቀርባለን። በነጥብ የተሰጠው «ቀጠሮ»፣ በርዝመት የተሰጠው «ቆጠራ» ይባል። «ቀጠሮ» ማንም የሚያውቀው፣ ከፍርድ ቤት እስከ ሐኪም ቤት የሚሠራበት ቃል ነው፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ተኝቶ ቢያረፍድ ቀጠሮው አልፎበታል እንጂ አልተራዘመለትም። «ቆጠራ» ግን የቆጣሪው ሥራ ነው፤ ቆጣሪው ቢያንቀላፋ ቆጠራው ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። ሁለቱ ቃላት በድምፅ መቀራረባቸው በንግግር ሊያሳስት እንደሚችል አይጠፋንም፤ በመምህር አፍ ላይ «የቀጠሮ ሰዓት» እና «የቆጠራ ሰዓት» ተብለው ቢነገሩ ይሻላል።

ነገሩ ለመርሳ ሰው እንግዳ እንዳልሆነ በመስኖ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። የውሃ ተራ የተሰጠው ገበሬ እንበል። የውሃ አባቱ «ከንጋት እስከ 4 ሰዓት ውሃው ያንተ ነው» ብሎት ከሆነ፣ ተኝቶ 3 ሰዓት ላይ ቢደርስ የቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህ ቀጠሮ ነው። «4 ሰዓት ታጠጣለህ» ተብሎ ከሆነና ቦዩ በመካከል ተሰብሮ ውሃው ቢቋረጥ፣ ቦዩ ሲጠገን የቀረውን ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ ቆጠራ ነው። በዚህ ሁለተኛው ላይ ግን ክርክር ይነሣል። ውሃው የተቋረጠበት ጊዜ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የኮምፒዩተር ሙያ ሰዎችም የተከራከሩት በዚሁ ላይ ነው።

በእርግጥም ቆጠራ ራሱ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው መሣሪያው ነቅቶ የሠራበትን ጊዜ ብቻ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው የተኛበትንም ይጨምራል። የቀን ሠራተኛ የሚታሰብለት የዋለበት ቀን ብቻ ነው፤ የብድር ወለድ ግን ተበዳሪው ቢተኛም ባይተኛም ይቆጥራል። የመጀመሪያውን «የንቃት ቆጠራ»፣ ሁለተኛውን «ያልተቋረጠ ቆጠራ» ብንላቸው ይበቃል። በዊንዶውስ 7 እና ከዚያ በፊት በነበሩት ሥርዓቶች አንድ ፕሮግራም ለተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ የሚያዝዘው ትእዛዝ መሣሪያው የተኛበትን ጊዜ ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን አይቆጥርም። ትእዛዙ አልተለወጠም፣ ስሙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ትርጉሙ ነው። «ይጠብቃል» ብሎ የተረጎመ ሰው ከለውጡ በፊትም በኋላም ልክ ነበር፣ ለአንባቢው ግን ከለውጡ በፊትም በኋላም ምንም አልነገረውም።

በሊነክስ የደረሰው ደግሞ ለቃላት መራጮች የበለጠ ትምህርት አለበት። በዚህ ሥርዓት «ሞኖቶኒክ» የሚባል ሰዓት አለ። ስሙ ወደ ኋላ የማይመለስ፣ ዘወትር ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ማለት ነው እንጂ ስለ እንቅልፍ የሚናገረው ነገር የለም፤ በተግባር ግን መሣሪያው በተኛ ጊዜ ይቆማል። (በአንዳንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ «የማይለዋወጥ ሰዓት» ተብሎ ቢተረጎም ፍጹም ስሕተት ይሆናል፤ የማይለዋወጥ ሰዓት የተበላሸ ሰዓት ነው።) የተኛበትን ጊዜ ጭምር የሚቆጥር ሌላ ሰዓት፣ «ቡትታይም» በሚል ስም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ታክሏል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2018 ጸደይ ላይ ሁለቱን አንድ ለማድረግ፣ ማለትም «ሞኖቶኒክ» የእንቅልፉን ጊዜም እንዲቆጥር ለማድረግ ለ4.17ኛው እትም ለውጥ ገባ። ውጤቱ በጥቂት ሳምንታት ታየ። መሣሪያው ሲነቃ ጠባቂ ቆጣሪዎች የአገልግሎት ፕሮግራሞችን «ለረጅም ጊዜ ምላሽ አልሰጣችሁም» ብለው ገደሉ፤ የኔትዎርክ ግንኙነት ተቋረጠ፤ አንድ የዴስክቶፕ ሥርዓት ገና እንደነቃ «ማንም አልነካኝም» ብሎ ገጹን አደበዘዘ። እትሙ ከመውጣቱ በፊት ለውጡ ተሰረዘ። እንግዲህ በእንግሊዝኛውም ቢሆን ስያሜው የሚናገረው አንድ ነገር፣ ሰው የለመደው ሌላ ነገር መሆኑን እናያለን፤ ለምደው የሠሩበትም ሰዎች ከስያሜው ይልቅ ልማዱን ይዘው ነበር። የእንግሊዝኛውን ስም ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ ስሕተቱን አብሮ ይመልሳል። የአማርኛ ስያሜ ይህን ስሕተት የመውረስ ግዴታ የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ ቆጣሪው ፍጻሜ ላይ ሲደርስ የሚባለውን እንይ። በገጾች ላይ ለዚህ ሁሉ የሚታየው አንድ አነጋገር «ጊዜው አልፏል» የሚል ነው። ለመድኃኒትና ለታሸገ ምግብ ይህ ትክክል ነው፤ የተጻፈበት ቀን አልፏልና። ለቆጣሪ ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። አማርኛ በዚህ ስፍራ አራት ግሶች አሉት። ቀጠሮ ሲሆን መጀመሪያ «ደረሰ»፣ ሳይሠራበት ከቀረ «አለፈ» ይባላል። ቆጠራ ሲሆን «ሞላ» ይባላል። የተመደበ ድርሻ ሲሆን፣ እንደ ፈተና ጊዜ፣ «አለቀ» ይባላል። በእነዚህ ግሶች ከእንቅልፍ ስለ ነቃ መሣሪያ «ቀጠሮው አልፏል፣ ቆጠራው ግን ገና አልሞላም» ብሎ መናገር ይቻላል። ሁለቱንም «ጊዜው አልፏል» ብቻ በሚል ጽሑፍ ይህን ዐረፍተ ነገር መጻፍ ከቶ አይቻልም፤ ሙያው የሚፈልገው ግን በትክክል ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ በፈተና ምሳሌ እናሳይ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ ኮሌጆችም ለራሳቸው ፈተና ይህንኑ መንገድ ይጠቀሙበታል። መመሪያው «ፈተናው በ2 ሰዓት ያበቃል» ይላል እንበል። መብራት ሄዶ የተማሪው መሣሪያ ቢከርም፣ ከ40 ደቂቃ በኋላም መብራት መጥቶ ቢነቃ፣ ተማሪው ምን ይጠይቃል? ጊዜው በቀጠሮ የተሰጠ ከሆነ 40 ደቂቃው ጠፍቷል። በንቃት ቆጠራ ከሆነ ምንም አልጎደለበትም። ባልተቋረጠ ቆጠራ ከሆነ ደግሞ እንደ ቀጠሮው ሁሉ ተቆጥሮበታል። ፈታኙና ተማሪው ሁለቱም ያንኑ ዐረፍተ ነገር እያነበቡ ሁለቱም ልክ ነን ሊሉ ይችላሉ። «የፈተናው ድርሻ 2 ሰዓት ነው፤ መሣሪያው የጠፋበት ጊዜ አይቆጠርም» ተብሎ ቢጻፍ ወይም ተቃራኒው ቢጻፍ፣ የትኛውም ይሁን፣ ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት ያልቃል።

ስለ «ማንቂያ» አጭር ቃል እንጨምር። ቃሉ በስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይ ለደወሉ የተለመደ ስለሆነ መንቀሉ ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን ማንን ነው የሚያነቃው? ደወሉ ሰውን ያነቃል፤ አንዳንድ ቀጠሮ ግን የተኛውን መሣሪያ ራሱን ያስነሣል፤ ሌላው ደግሞ መሣሪያው በሌላ ምክንያት እስኪነሣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መሣሪያውን ለሚያስነሣው «ቀስቃሽ» የሚለው ይስማማል፤ «ቀሰቀሰ» ሌላውን ከእንቅልፍ ማስነሣት ነውና። ስለዚህ «ቀስቃሽ ቀጠሮ» እና «የማይቀሰቅስ ቀጠሮ» ብሎ መለየት ይቻላል። «ባነነ» የሚለውን ግስ ለመሣሪያው ንቃት ያቀረቡም አሉ፤ የሚነቃው ደንግጦ አይደለምና አንደግፈውም፤ ስለ ሊነክሱ 4.17 ሙከራ ከሆነ ግን ቃሉ ይገባዋል።

የቀረው በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋገም ቆጣሪ ነው። ለምሳሌ የአንድ ማቀዝቀዣን ሙቀት በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ ፕሮግራም መሣሪያው ለ3 ቀን ቢከርም 432 ጊዜ መመዝገብ የነበረበትን አልመዘገበም። እነዚህን ያመለጡ ዙሮች የሚጠራ የታወቀ የአማርኛ ስያሜ አላገኘንም፤ «ያመለጠ» የሚለው ቅጽል መቅረታቸውን ይናገራል እንጂ ዕዳ መሆን አለመሆናቸውን አይናገርም። እኛ «ውዝፍ» እንላለን። ውዝፍ ግብርም፣ ውዝፍ ሥራም የታወቁ ናቸው፤ ውዝፍ ያለበት ሰው ወይ ይከፍላል፣ ወይ ምሕረት ይደረግለታል፣ ወይ ተጠቃሎ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ለፕሮግራም ጸሐፊው የቀረቡለት ምርጫዎችም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ቃሉ የግብር ሰብሳቢ ሽታ አለው የሚል ቅሬታ ሰምተናል፤ ለዚህ ጉዳይ ሽታው ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። በጃቫ ቋንቋ ያለ አንድ የታወቀ የጊዜ ቆጣሪ ትእዛዝ ውዝፉን በሙሉ የሚከፍል ነው፤ መሣሪያው እንደነቃ ያመለጡትን ዙሮች በተከታታይ፣ በጥድፊያ ይሠራቸዋል። እንዲህ ባለው ትእዛዝ የተሠራ ፕሮግራም የማቀዝቀዣውን የአሁን ሙቀት 432 ጊዜ አከታትሎ ይመዘግባል፤ መብራት ጠፍቶ በቆየባቸው ሦስት ቀናት በማቀዝቀዣው ውስጥ ስለ ነበረው ሙቀት ግን አንዲት ንባብ እንኳ አይኖረውም።